የሙዚቃ ደራሲዋ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የኋለኛው ዘመን

መግቢያ

የአንድን ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ በክፍል ውስጥ ስናስተምር ልደቱን፣ ትምህርቱንና የጉልምስና ሥራውን በሰፊው እንተርክና እርጅናውን በአንድ መስመር ዘግተን እናልፋለን። ይህ ልማድ ለጦር መሪ ወይም ለአስተዳዳሪ ታሪክ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። ለሙዚቃ ደራሲ ታሪክ ግን ይጎዳል። ምክንያቱም አንድ የሙዚቃ ድርሰት በተጻፈበት ዘመን ሳይሰማ ቀርቶ፣ ደራሲው ካረጀ ወይም ከሞተ በኋላ ወደ ሕዝብ ጆሮ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሥራው ዘመንና የዝናው ዘመን ይለያያሉ። ሁለቱን የማይለይ ተማሪ ታሪኩን ያዛባል።

በአገራችን ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የሚሆኑት የፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ የነበሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እማሆይ በዓለም ዙሪያ በስፋት የታወቁት ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የኋለኛ ዘመናቸውን በቅደም ተከተል መርምሮ፣ «ዘግይቶ የመጣው ሥራው ነው ወይስ ዝናው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ልጅነትና ትምህርት

እማሆይ የተወለዱት ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. (1923) በአዲስ አበባ ሲሆን የመጀመሪያ ስማቸው የውብዳር ገብሩ ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው ከሚሲዮናውያን ዘንድ የተማሩ፣ የውጭ አገር ቋንቋ የሚያውቁ፣ በጎንደርም በአዲስ አበባም በከንቲባነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። እኚህ አባት ሴት ልጆቻቸውንም ለማስተማር ወስነው በ1929 የ6 ዓመቷን የውብዳርን ከእኅታቸው ከሰንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳቸው። ወይዘሮ ሰንዱ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነው የሠሩትና በ1957 በተደረገው ምርጫ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ናቸው። እንግዲህ አንደኛዋ እኅት ለትምህርት ታሪካችን፣ ሁለተኛዋ ለሙዚቃ ታሪካችን ተርፈዋል ማለት ነው።

የውብዳር በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ መማር ጀመሩ። በ1933 ወደ አገራቸው ቢመለሱም ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ደረሰ። ቤተሰቡ በግዞት በመጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ከዚያም በኔፕልስ አቅራቢያ ወደሚገኘው መርኮልያኖ ተወሰደ። ከቤተሰቡም ሦስት ሰዎች በወራሪው ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ የውብዳር ወደ ካይሮ ተልከው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለው ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ በብርቱ ልምምድ ተማሩ። በ1944 ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ኮንቶሮቪችም አብሮ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍልን ለመምራት በቃ።

የተዘጋው የለንደን መንገድ

ከዚህ በኋላ በለንደን በሚገኘው የሙዚቃ ሮያል አካዳሚ የመማር ዕድል ተገኘላቸው። ይሁን እንጂ የመሄድ ፈቃድ ሳይሰጣቸው ቀረ። ይህ ነገር እጅግ ስለጎዳቸው ምግብ እስከ መተው ደረሱ፤ ለሞት ተቃርበው በሆስፒታል ተኝተው ሳለም ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ የሕይወታቸው አቅጣጫ ተለወጠ። በ20ዎቹ ዕድሜያቸው ወደ ወሎ ወጥተው በግሸን ማርያም መንኩሰው ጽጌ ማርያም ተባሉ። በዚያ አምባ ላይ በባዶ እግራቸው እየተመላለሱ 10 ዓመት ያህል ያለ ፒያኖ ኖሩ።

ብዙ ሰዎች ታሪኩን በዚህ ላይ ያቆሙና «ሙዚቃን ትተው መነኑ» ይላሉ። ይህ አባባል ግማሹን እውነት ብቻ የያዘ ነው። እማሆይ ከግሸን ወደ ከተማ ከተመለሱ በኋላ ወደ ፒያኖአቸው ተመልሰዋል። ከምነና በኋላ የጻፉት ሙዚቃም ከምነና በፊት ከተማሩት የተለየ ነበር።

በጎንደር የተገኘው ዜማና ዓላማ

በ1960ዎቹ እማሆይ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። በዚያም ከየገጠሩ መጥተው ቁራሽ እየለመኑ፣ በየደጀ ሰላሙ እያደሩ የሚማሩትን የአብነት ተማሪዎች አዩ። ገንዘብ አልነበራቸውምና ለእነዚህ ልጆች በሙዚቃቸው ሊረዱ ቆረጡ። በ1960ዎቹ በጀርመን አገር የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ዓላማቸው ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ ችግረኞችን መርዳት ነበር።

ስለ ሙዚቃቸው ጠባይ ጥቂት መናገር ለተማሪዎች ይጠቅማል። ፒያኖ በአንድ ስምንተኛ ርቀት ውስጥ 12 ድምፆች ያሉት፣ ድምፆቹም አስቀድመው የተወሰኑ መሣሪያ ነው። የአገራችን ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። እማሆይ ከ12ቱ ድምፆች አምስቱን እየመረጡ በቅኝታችን ይጫወታሉ። ግራ እጃቸው ከአውሮፓውያን የተማሩትን አጃቢ ድምፅ ሲይዝ ቀኝ እጃቸው እንደ መሪጌታ ድምፅ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል። ጊዜውም እንደ ማርሽ ተቆጥሮ የሚሄድ አይደለም። እንደ ዜማ ትንፋሽ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ይህን ነጻ አካሄድ ሲሰሙ ወደ ጃዝ ሙዚቃ ይመድቡታል። የያሬድን ዜማና የአዝማሪን ቅኝት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ግን ምንጩ ሩቅ አይደለም።

በካሴት የተቀረጸ ድምፅ

እማሆይ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ዓመታት በኢየሩሳሌም ከኖሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከ1974 አብዮት በኋላ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሥራ መድረክም ደጋፊም አልነበረም። ሆኖም ሥራው አልቆመም። ከ1977 ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ ባሉት ዓመታት በቤተሰባቸው ቤት ውስጥ ተቀምጠው በአማርኛ እየዘመሩና ፒያኖ እየመቱ ድምፃቸውን በራሳቸው የካሴት መቅረጫ ቀረጹ። እስከዚያ ድረስ በሸክላ የታወቁት በፒያኖ ብቻ ስለነበር እነዚህ ካሴቶች የተለየ ዋጋ አላቸው። መዝሙሮቹ ስለ አገር፣ ስለ ናፍቆትና ስለ መለየት የሚናገሩ ናቸው። የሚያስደንቀውም አገር ሳይለቁ፣ ገና በአዲስ አበባ ሳሉ ስለ ስደት መዝፈናቸው ነው። ያ ዘመን ብዙ ሰው የሚሰደድበት፣ ያልተሰደደውም ወዳጅ ዘመዱን የሚሸኝበት ዘመን እንደነበረ ለምናስታውስ ወይም ከወላጆቻችን ለሰማን ነገሩ ግልጽ ነው።

የኢየሩሳሌም ዘመን

እናታቸው ካረፉ በኋላ እማሆይ በ1984 እንደገና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ገቡ። ይህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ገዳም ክብ ቤተ መቅደስ ያለው ሲሆን የሚገኝበት መንገድም በኢትዮጵያ ስም ይጠራል። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 60 ዓመት ሆኖ ነበር። ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ እርሳቸው ፒያኖ ባለባት በአንዲት ጠባብ ክፍል ገና ወደ 39 ዓመት የሚጠጋ ኑሮና ሥራ ይጠብቃቸው ነበር።

የኋለኛው ዘመናቸው ዋና ዋና ክንውኖች የሚከተሉት ናቸው፦

1ኛ. በ1996፣ ከ70 ዓመት በላይ ሆነው ሳለ፣ ድርሰቶቻቸውን እንደገና አስቀረጹ።

2ኛ. በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ 21ኛው ቅጽ ለእርሳቸው ተመደበ። ቅጹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እስከ 1996 በተለያየ ጊዜ የተቀረጹትን ሥራዎች አንድ ላይ የያዘ ነበር። በዓለም ዙሪያ በስፋት የተደመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

3ኛ. በ2008፣ በ84 ዓመታቸው፣ በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ በሕዝብ ፊት ተጫወቱ።

4ኛ. የድርሰቶቻቸው ኖታዎች በ2013 በመጽሐፍ ታተሙ፤ በዚያው ዓመትም በኢየሩሳሌም ሥራዎቻቸው የቀረቡበት ኮንሰርት ተደረገ።

5ኛ. ችግረኛ ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የሚረዳ የሙዚቃ ፋውንዴሽን በስማቸው ተቋቋመ።

ከእነዚህ ሁሉ አራተኛው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ማያ ዱኒየትስ የተባለችው እስራኤላዊት ሙዚቀኛ እማሆይን በገዳሙ ከተዋወቀች በኋላ እማሆይ በአሮጌ የፕላስቲክ ከረጢቶች ያስቀመጡትን በብዙ መቶ የሚቆጠር የኖታ ወረቀት ሰጧት። ወረቀቶቹ በእርሳስ የተጻፉና ቅደም ተከተላቸው የተደበላለቀ ነበር። ድርሰቶቻቸው በጠቅላላው 150 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። አንዱን ገጽ ከሌላው ማገናኘት፣ የደበዘዘውን ማንበብ፣ ያላለቀውን ከተጻፈው ሌላ ቅጂ ጋር ማመሳከር ብዙ ድካም ጠየቀ። ይህ ሥራ የእኛ የታሪክ ተማሪዎች የብራና ጽሑፍን ሲመረምሩ ከሚሠሩት ብዙም የተለየ አይደለም። የመጀመሪያው ምስጋና ግን የሚገባው ወረቀቱን ላልጣሉት ለራሳቸው ለደራሲዋ ነው። በ1940ዎቹ መንገዱ የተዘጋባት ወጣት፣ በምነና፣ በአብዮትና በስደት ውስጥ አልፋ፣ ወረቀቷን እስከ እርጅናዋ ይዛ ተገኘች።

እማሆይ ጽጌ ማርያም መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. (2023) በተወለዱ በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም አረፉ። ካረፉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ኢየሩሳሌም» የተባለው አልበማቸው ወጣ። በካሴት የቀረጿቸው የአማርኛ መዝሙሮችም በ2024 ለሕዝብ ቀረቡ። ሥራቸው ከሞታቸው በኋላም መውጣቱን ቀጥሏል።

ከአንድ እንግሊዛዊ ደራሲ ጋር ሲነጻጸር

ነገሩን በሌላ አገር ምሳሌ ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጻል። እንግሊዛዊው ራልፍ ቮን ዊልያምስ ከ1872 እስከ 1958 የኖረ የሙዚቃ ደራሲ ነው። በወጣትነቱ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬዎችን ዘፈን ሰበሰበ፤ በ1906 የወጣውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መጽሐፍም በሙዚቃ አዘጋጅነት ሠራ። እንደ እማሆይ ሁሉ የእርሱም ድርሰት ሥሩ በሕዝብ ዘፈንና በቤተ ክርስቲያን ዜማ ውስጥ ነበር።

የዚህ ሰው የኋለኛው ዘመን በእንግሊዝ የሙዚቃ ታሪክ የታወቀ ነው። 6ኛው ሲምፎኒው በ1948፣ 7ኛው በ1953፣ 8ኛው በ1956፣ 9ኛውም በ1958 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ቀረቡ። 9ኛው በለንደን በሚያዝያ ወር ሲቀርብ ደራሲው 85 ዓመቱ ነበር፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሞተ። ማለትም ከ75 ዓመቱ እስከ 85 ዓመቱ ድረስ አራት ሲምፎኒዎች አሰምቷል። ቮን ዊልያምስ አዲስ ሥራ ሲጨርስ ግን የሚያትምለት ማተሚያ ቤት፣ የሚጫወትለት ኦርኬስትራ፣ የሚያስተላልፍለት ራዲዮና የሚተችለት ጋዜጣ ነበረው። ስለዚህ የሥራው ዘመንና የዝናው ዘመን አብረው ሄዱ።

6ኛው ሲምፎኒ በለንደን በተሰማበት በ1940ዎቹ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት ወደዚያችው ከተማ ለትምህርት እንዳትሄድ ተከልክላ ነበር። ሄደው ቢሆን ኖሮ ምን ይጽፉ እንደነበር ታሪክ ሊነግረን አይችልም፤ እኛም በግምት ልንጽፈው አይገባም። ልንመረምረው የምንችለው የሁለቱን ሁኔታ ነው። አንደኛው በኋለኛ ዘመኑ በተቋማት ተከቦ ሠራ። ሁለተኛዋ በኋለኛ ዘመናቸው የነበራቸው አንድ ፒያኖ፣ አንድ ክፍልና በከረጢት የተጠቀለለ ወረቀት ነው። በአገራችን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ባይጠፋም፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ብዙ ባለሙያ ቢያፈራም፣ የደራሲን ወረቀት ሰብስቦ የሚጠብቅና የሚያሳትም ድርጅት በጊዜው አለመጠናከሩ ትልቅ ልዩነት ፈጥሯል። መጽሐፋቸው በውጭ አገር መታተሙ የዚህ ውጤት ነው።

የአንድ ሥራ ሦስት ዘመናት

ከዚህ ሁሉ ለታሪክ ትምህርት የምናገኘው ቁም ነገር ይህ ነው። ለማናቸውም የሙዚቃ ሥራ ሦስት ዘመናትን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ መቼ ተደረሰ? መቼ ተቀረጸ? መቼ ለሕዝብ ወጣ?

ይህን በእማሆይ ሥራ ላይ እንሞክረው። በ2006 የወጣውን ቅጽ የሚሰማ ሰው የ82 ዓመት መነኩሲት ሲጫወቱ የሚሰማ ይመስለዋል። ነገር ግን በቅጹ ካሉት ሥራዎች ብዙዎቹ በ40ዎቹ ዕድሜ የነበሩ ሴት በ1960ዎቹ የተጫወቷቸው ናቸው። በ2024 የወጡትን መዝሙሮች የሚሰማም የአንድ ሟች መቶ ዓመት የተቃረበ ድምፅ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ድምፁ ግን በደርግ ዘመን በ50ዎቹ ዕድሜ የነበሩት የእማሆይ ድምፅ ነው። በ2021 «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ የተሰማው የፒያኖ ሥራቸውም እንዲሁ ከፊልሙ በብዙ አሥርት ዓመታት የሚቀድም ነው። የሸክላው ወይም የአልበሙ ዓመት ብቻ ከተያዘ አንድ የሕይወት ታሪክ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ይንሸራተታል ማለት ነው።

ስለዚህ በመግቢያው ላይ ለቀረበው ጥያቄ መልሱ ይህ ይሆናል፦ ዘግይቶ የመጣው በዋነኛው ዝናው ነው። «በ80 ዓመታቸው ተገኙ» የሚለው አነጋገር የሰሚውን ታሪክ እንጂ የደራሲዋን ታሪክ አይገልጽም። እርሳቸው ጠፍተው አልነበሩም፤ ሥራ ላይ ነበሩ። የኋለኛው ዘመናቸው ልዩ ሥራም አለ። እርሱም የጻፉትን ማስተላለፍ ነው። በ1996 እንደገና ማስቀረጻቸው፣ በ2008 መጫወታቸው፣ ወረቀታቸውን አምነው ለወጣት ሙዚቀኛ መስጠታቸው ሁሉ የማስተላለፍ ሥራ ነው። መምህራን የሆንን ሁሉ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ክብደት ይገባናል።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በጁባ ከተማ ኒምራ ታላታ በተባለው ሰፈር ነው፤ ስሙ በአረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት ነው። ከአገር ርቆ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የእማሆይ ከረጢት እንግዳ ነገር አይደለም። የብዙ ቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና ካሴት የሚገኘው በሻንጣ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወር አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ በዝናብ ይበላሻል፣ አንዱም «አሮጌ ነው» ተብሎ ይጣላል። በአገር ቤት ያለውም የቤተሰብ ሣጥን ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን የሚከተለውን ሥራ ቢያሠሩ መልካም ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያለ አንድ አሮጌ ካሴት፣ ሸክላ፣ የማኅበር መዝሙር ደብተር ወይም ደብዳቤ ይምረጥ። ባለቤቱን አስፈቅዶ ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼ እንደተዘጋጀ፣ መቼ ለሌላ ሰው እንደተሰማ ወይም እንደተነበበ ጠይቆ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ዕቃው ራሱ ከቤት መውጣት የለበትም። የተጻፈው ገጽ በክፍል ውስጥ ይነበብ፤ ቅጂውም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ወጪው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው።

መደምደሚያ

እማሆይ ጽጌ ማርያም የተከለከሉትን የለንደን ትምህርት ሳያገኙ፣ ከግሸን አምባ፣ ከጎንደር የዜማ ቤትና ከኢየሩሳሌም ገዳም የራሳቸውን የሙዚቃ ቋንቋ አወጡ። ዓለም ሲሰማቸው አርጅተው ነበር። ዛሬ ድርሰቶቻቸውን የውጭ አገር ተማሪዎች ከታተመው ኖታ እያነበቡ ይለማመዷቸዋል። የእኛም ተማሪዎች ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ሥራቸውን፣ ከሥራውም ጋር የተሠራበትን ዘመን ለይተው እንዲያውቁ ማድረግ የመምህራን ፋንታ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአንድ ደራሲ የሥራ ዘመንና የዝና ዘመን ለምን ሊለያይ ይችላል? ከሥነ ጽሑፍም ምሳሌ ስጡ።

2. በቮን ዊልያምስና በእማሆይ ጽጌ ማርያም የኋለኛ ዘመን መካከል ያለውን አንድነትና ልዩነት ዘርዝሩ።

3. በ2024 የወጡት መዝሙሮች ስለ 2024 ይናገራሉ ወይስ ስለተቀረጹበት ዘመን? መልሳችሁን በምክንያት አስደግፉ።

4. እማሆይ ወረቀቶቻቸውን ባያስቀምጡ ኖሮ ስለ ሥራቸው ልናውቅ የምንችለው ከምን ከምን ምንጭ ብቻ ይሆን ነበር?